የሃይስኩል ውጤት ዝቅ ብሎ አሜሪካ ውስጥ ነርስ መሆን፦ ከአምስቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ ዝቅ ያለ የሃይስኩል ውጤት ክፉኛ የሚጎዳው አንድ በር ላይ ነው፤ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ በሚያስገባው። ሌሎቹ በሮች በአብዛኛው የሚያዩት ኮሌጅ ከገቡ በኋላ የመጣውን ጂፒኤ (ከ4 የሚሰላ አማካይ ውጤት) ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ2.1 ሃይስኩል የጨረሰ ልጅም፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ነጥብ ሳይመጣላት ዲቪ ደርሷት የመጣች ልጅም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የአካባቢው የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ሲመዘገቡ 3.9 ካመጣችው ጎረቤታቸው ጋር አንድ መስመር ላይ ነው የሚቆሙት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 12ኛን የጨረሰ ወይም ጂ ኢ ዲ (የ12ኛ ክፍል አቻ ፈተና) ያለፈ ሁሉ ይገባበታል።

ነርሲንጉ ግን እንደዚያ አይደለም። ኮሌጁ መግባት አንድ ነገር ነው፤ የኮሌጁ ነርሲንግ ፕሮግራም ውስጥ መግባት ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። "ነርሲንግ እየተማርኩ ነው" የሚል ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ገና ማመልከቻውን እንኳ ያላስገባ ሊሆን ይችላል። ፉክክሩ ከሃይስኩል ተነስቶ ስድስት ገደማ የሚሆኑ የኮሌጅ ኮርሶች ላይ ያርፋል፤ እዚያ የተበላሸ ውጤት ደግሞ እንደ ሃይስኩሉ በቀላሉ አይረሳም።

ማንም የማያመልጣቸው ኮርሶች

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ አር ኤን (ሙሉ ላይሰንስ ያለው ነርስ) ለመሆን እነዚህ ይጠብቋችኋል፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ እና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ የኮሌጅ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ እና ስታቲስቲክስ ወይም ሌላ የኮሌጅ ሒሳብ። አንዳንድ ቦታ ኬሚስትሪና የዕድገት ሳይኮሎጂ ይጨመራሉ። ሦስቱ ሳይንሶች ላብ ስላላቸው አብዛኛውን ጊዜ 4 ክሬዲት ናቸው፤ ሌሎቹ 3።

የክሬዲቱ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ሲቆጠር) እንዲህ ነው። እንግሊዝኛና ሳይኮሎጂ ኤ፣ ስታቲስቲክስ ቢ አምጥታችሁ ሦስቱን ሳይንሶች በሲ ብታልፉ 57 ነጥብ ለ21 ክሬዲት፣ ማለትም 2.71 ይሆናል። በዚህ ውጤት ብዙ ፕሮግራም ማመልከቻውን እንኳ አይቀበልም። ሦስቱ ሳይንሶች ቢ ቢሆኑ 69 ለ21፣ 3.29 ነው። ከሦስቱ አንዱ ኤ ቢሆን 3.48 ይደርሳል። ጨዋታው በሙሉ 12 ክሬዲት የላብ ሳይንስ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቶሎ ለመጨረስ ብላችሁ አናቶሚ ሁለትንና ማይክሮባዮሎጂን በአንድ ሴሚስተር አትውሰዱ፤ በተለይ በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራችሁ ከሆነ። አንድ ሴሚስተር፣ አንድ የላብ ሳይንስ፣ ከጎኑ አንድ ቀለል ያለ ኮርስ። ስድስት ወር ያዘገያል፤ ሲ ማምጣት ግን ከዚያ በላይ ያዘገያል።

ለምን ቢባል፣ ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ሳይንስ ከአንድ ጊዜ በላይ መድገም አይፈቅዱም፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ውጤት አማካይ ያደርጋሉ፤ ኮርሱን አቋርጣችሁ ደብልዩ ብታገኙም እንደ አንድ ሙከራ የሚቆጥር አለ። ሳይንሶቹ ጊዜ ያልፍባቸዋል፤ ብዙ ቦታ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። እንግሊዝኛቸው ገና ሳይጠነክር ቸኩለው አናቶሚ የወሰዱ፣ ከዚያም ልጅ ወልደው ወይም ሥራ በዝቶባቸው ለዓመታት ያቆዩት ሰዎች ተመልሰው ከዜሮ ይጀምራሉ። የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተናው ኢ ኤስ ኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) ውስጥ ከጣላችሁ አትናደዱ፤ አናቶሚ ከሚጥላችሁ ኢ ኤስ ኤል ቢያቆያችሁ ይሻላል።

ከኮርሶቹ በተጨማሪ መግቢያ ፈተና አለ፤ አብዛኛው ቦታ ቲስ፣ ሌላው ሄሲ ይጠቀማል። ቲስ በ209 ደቂቃ 170 ጥያቄ ነው፦ ንባብ 45፣ ሒሳብ 38፣ ሳይንስ 50፣ እንግሊዝኛ 37። ኢትዮጵያ የተማረ ሰው ሒሳቡ ላይ ክፍልፋይና መቶኛ አያስቸግረውም፤ የሚያደናቅፈው ፓውንድ፣ አውንስና ጋሎን ነው። ነጥብ የሚበላው ግን ንባቡ ነው፤ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ፣ ጥያቄው ደግሞ "ጸሐፊው ምን ለማለት ፈለገ" ዓይነት። ለዚህ ክፍል ቃላት መሸምደድ ብዙ አይረዳም፤ ሰዓት እየያዙ ማንበብ ነው። ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚፈቀድና በመካከሉ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባችሁ ትምህርት ቤቱ ስለሚወስን "ልሞክረው" ብላችሁ ሳትዘጋጁ አትግቡ።

አንደኛው መንገድ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

የሁለት ዓመት የነርሲንግ አሶሼት ዲግሪ ይሰጣል። "ሁለት ዓመት" የሚለው ነርሲንጉን ብቻ ነው፤ ቅድመ ኮርሶቹ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ስለሚወስዱ ሥራ ያለው ሰው ከሦስት ተኩል እስከ አራት ዓመት ብሎ ቢያስብ ይሻለዋል። መጨረሻ ላይ የሚፈተኑት የላይሰንስ ፈተና፣ ኤንክሌክስ አር ኤን፣ ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ጋር ያው አንድ ፈተና ነው፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ላይሰንሱም አንድ ነው።

ዲግሪውስ? አር ኤን ሆናችሁ እየሠራችሁ ከአር ኤን ወደ ቢ ኤስ ኤን (የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ) የሚያሸጋግረውን ፕሮግራም ትወስዳላችሁ፤ አብዛኛው ኦንላይን ነው፤ ሙሉ ጊዜ ከተያዘ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛቸው የተወሰነውን ይከፍላሉ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ገና ከመነሻው ቢ ኤስ ኤን ያለውን ስለሚመርጡ ይህን ደረጃ "በኋላ አየዋለሁ" ብሎ መተው አያዋጣም፤ ኒው ዮርክ ደግሞ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ አር ኤኖች ላይሰንስ ካገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ቢ ኤስ ኤን እንዲይዙ ታስገድዳለች። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እያላችሁ ጎን ለጎን የዩኒቨርሲቲ ቢ ኤስ ኤን ኮርሶችን የምትጀምሩበት ኤ ቲ ቢ የሚባል ስምምነት አለ፤ ነርሲንግ እንደገባችሁ አማካሪያችሁን ጠይቁ፤ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዋጋው ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። በ2024 - 25 የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ በአገር አቀፍ አማካይ 4,050 ዶላር ነበር፤ የግዛት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ 11,610። ግን "የአካባቢው ነዋሪ" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ለምሳሌ የካውንቲው፣ የግዛቱና የውጭ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እየኖሩ ፕሪንስ ጆርጅስ መማር ያስጨምራል። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት ስትቀይሩም ነዋሪነታችሁ መቼ እንደሚቆጠር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የዚህ መንገድ እንቅፋቱ ወረፋው ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ በነጥብ ይመርጣል፤ አንዳንዱ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟሉትን በተራ ያስገባል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዕጣ የሚያስገቡም አሉ። ይህ ልዩነት ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። ጂፒኤያችሁ 3.0 አካባቢ ከሆነ በነጥብ ከሚመርጥ ኮሌጅ ይልቅ በዕጣ ወይም በተራ የሚያስገባው ይሻላችኋል። 3.7 ካላችሁ ተቃራኒው። በነጥብ የሚመርጥ ኮሌጅ የነጥብ ሠንጠረዡን ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት አውጥታችሁ ለሳይንስ ስንት፣ ለቲስ ስንት፣ ለሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ሥራ ልምድ ስንት እንደሚሰጥ እዩ። ማመልከቻውን አንድ ቦታ ብቻ አታስገቡ፤ ሦስት ኮሌጅ ይበቃል፤ ግን የሦስቱ ቅድመ ኮርሶች አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሁለተኛው፦ ቀድሞ ኤል ፒ ኤን

ኤል ፒ ኤን ከአር ኤን ዝቅ ያለ ላይሰንስ ያለው ነርስ ነው። አንድ ዓመት አካባቢ ተምሮ፣ ኤንክሌክስ ፒ ኤን ተፈትኖ ሥራ መጀመር። በ2024 የኤል ፒ ኤን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 62,340 ዶላር፣ የአር ኤን 93,600 ዶላር ነበር። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው አራት ዓመት ልጠብቅ ሊል አይችልም፤ ለእሱ ይህ መንገድ ትርጉም አለው።

ሆኖም ሁለት ነገር ተደብቆበታል። ኤል ፒ ኤን ትምህርት ቤት ውስጥ የተማራችሁት አናቶሚ በአብዛኛው እንደ ኮሌጅ ክሬዲት አይቆጠርም። ወደ አር ኤን ለመሸጋገር ስትመጡ እነዚያው 12 ክሬዲት የላብ ሳይንሶች በር ላይ ቆመው ይጠብቋችኋል፤ ሽግግሩ የሚያሳጥረው ከነርሲንጉ አንድ ሁለት ሴሚስተር ነው። ሁለተኛው፣ የኤል ፒ ኤን ሥራ በብዛት ያለው ነርሲንግ ሆም ነው፤ ሆስፒታል ብዙ አይቀጥርም። አንድ ነርስ ለብዙ አዛውንት መድኃኒት የሚያድልበት ሥራ ስለሆነ ከዚያ ወጥቶ ማታ አናቶሚ ማጥናት ቀላል አይደለም፤ "ለጊዜው" ብሎ ጀምሮ አሥር ዓመት የቆየ ሰው የበዛው ለዚህ ነው። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ የኤል ፒ ኤኑን ትምህርት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ውሰዱት፤ ክሬዲቱ የማይጠፋበት ዕድል እዚያ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው፦ ለትርፍ የሚሠሩ የግል ትምህርት ቤቶች

"ወረፋ የለም፤ የሃይስኩል ውጤት አንጠይቅም፤ በሚቀጥለው ወር ትጀምሪያለሽ።" ዝቅ ያለ ውጤት ያለው ሰው ጆሮ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ማስታወቂያውም የተሠራው ለዚያ ጆሮ ነው። ሁሉም መጥፎ አይደሉም። ገንዘቡ ግን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር በራሳችሁ አጣሩ፤ ትምህርት ቤቱ ከቀጠረው አማካሪ አፍ አትቀበሉ።

የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቅዶታል ወይ? የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩ አለ፤ "ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው" ማለት የለም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከነርሲንግ ትምህርት እውቅና ሰጪዎቹ ከኤ ሲ ኢ ኤን፣ ከሲ ሲ ኤን ኢ ወይም ከሲ ኤን ኢ ኤ እውቅና አለው ወይ? እውቅና ከሌለው ቦርዱ ቢፈቅድለትም በኋላ ለቢ ኤስ ኤን የሚቀበላችሁ ትምህርት ቤት ይጠባል። ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ የሚያልፉት ስንት በመቶ ናቸው? በ2024 አሜሪካ ውስጥ ከተማሩት አር ኤን ተፈታኞች በመጀመሪያው ሙከራ ወደ 91 በመቶ የሚሆኑት አልፈዋል፤ ትምህርት ቤቱ 70ዎቹ ውስጥ ከሆነ ሕንፃው ምንም ቢያምር ተዉት። አራተኛው ለማጣራት አንድ ስልክ ብቻ ይፈልጋል፦ አካባቢያችሁ ያለው የግዛት ዩኒቨርሲቲ ደውሉና "የዚህን ትምህርት ቤት ክሬዲት ትቀበላላችሁ?" በሉ።

"ዛሬ ካልፈረምሽ ቦታው ይሞላል" ሲሏችሁ ውጡ። ከዚህ የከፋም አለ። በጥር 2023 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት እንደተሸጠ ይፋ አድርጓል፤ ወረቀቱን የገዙ ሰዎችን ላይሰንስ የየግዛቱ ቦርዶች ሲሰርዙ ቆይተዋል። ትምህርት ሳይኖር ዲፕሎማ የሚሰጥ "አቋራጭ" ቢነግሯችሁ ከላይሰንስም በላይ ለግሪን ካርድና ለዜግነት ጉዳያችሁ አደጋ ነው።

አራተኛው፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከውስጥ ማመልከት

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን መጀመሪያ "ፕሪ ነርሲንግ" ብለው ይቀበላሉ፤ ነርሲንጉን በሁለተኛው ዓመት እንደገና ታመለክታላችሁ። የሃይስኩል ውጤታችሁ መካከለኛ ከሆነና ዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ፈተናውን ኤስ ኤ ቲን የማይጠይቅ ከሆነ እስከዚህ መድረስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ነርሲንግ ካልተቀበላችሁ በዓመት በ11,610 ዶላር ዋጋ የተወሰዱ ሁለት ዓመታት ይዛችሁ ወይ ትምህርት ክፍል ትቀይራላችሁ፣ ወይ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትመለሳላችሁ። መነሻው ላይ ውጤቱ ደካማ ለሆነ ሰው ይህን ውርርድ አንመክርም። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ራሱን የቻለ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን "ዝውውሩ ዋስትና አለው" የሚለው ስምምነት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መግባትን እንጂ ነርሲንግ መግባትን አያረጋግጥም። ወረቀቱ ላይ "ነርሲንግ" የሚል ቃል መኖሩን እዩ።

አምስተኛው፦ ዲግሪ ይዘው ለመጡ

ኢትዮጵያ በአካውንቲንግም በሌላም ዲግሪ የያዘ ሰው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚፈጅ የተፋጠነ ቢ ኤስ ኤን ሊገባ ይችላል፤ የሃይስኩል ውጤቱን የሚጠይቅ የለም። ዲግሪው የውጭ አገር ትምህርት በሚገመግሙት በደብልዩ ኢ ኤስ ወይም በኢ ሲ ኢ ኮርስ በኮርስ መገምገም አለበት፤ ከዩኒቨርሲቲው ታሽጎ ወይም በቀጥታ የሚላከው ትራንስክሪፕት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከሁሉ ቀድሞ ይጀመር። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች 3.0 ይጠይቃሉ፣ ሳይንሶቹም እንዳሉ ናቸው፤ እየሠሩ መማር አይታሰብም።

ከባዱ ገንዘቡ ነው። ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ርዳታ) ባችለር ዲግሪ ለሌለው ብቻ ነው፤ ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። ስለዚህ ዲግሪ ያለው ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቢገባም ፔል አያገኝም፤ ብድር ነው የሚቀረው። ፋፍሳ (የፌዴራል ርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ላይ ዲግሪውን መደበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሲደረስበት ገንዘቡን ያስመልሳል፣ በሐሰት መረጃም ያስጠይቃል።

ሲ ኤን ኤ መሆንስ?

ሲ ኤን ኤ መንገድ አይደለም፤ በማንኛውም መንገድ ላይ ስትሄዱ ጎን ለጎን የምትይዙት ሥራ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ብዙ ግዛቶች ይጨምሩበታል። ሰው ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ማንሳትና ማዞር የሚከብዳችሁ ከሆነ አራት ዓመት ሳታጠፉ በስድስት ሳምንት ታውቁታላችሁ። ለሥልጠናው ብዙ ከመክፈላችሁ በፊት ነርሲንግ ሆሞችን ጠይቁ፤ ከመንግሥት የጤና መድኖቹ ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ ጋር የሚሠራ ነርሲንግ ሆም ቀጥሮ ሲያሠለጥናችሁ ሊያስከፍላችሁ አይችልም፤ በራሳችሁ ከፍላችሁ በ12 ወር ውስጥ ብትቀጠሩም የከፈላችሁት የሚመለስበት ሥርዓት በሕግ አለ።

የፔል ሒሳብ

በ2025 - 26 ከፍተኛው ፔል በዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ብዙ ቦታ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ያገኛሉ፤ ጉዳዩ ገና እየታየ ያለ ጠያቂና ቲ ፒ ኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ላይ ያለ ሰው አያገኙም። ፔል በዕድሜ ልክ 12 ሙሉ ሴሚስተር ነው፤ የማይሆን ትምህርት ቤት ላይ አራቱን ከበላችሁት ለቢ ኤስ ኤን አይተርፍም። ብዙ ኮሌጅ ውስጥ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን ካላለፋችሁ ወይም ጂፒኤያችሁ 2.0 ካልደረሰ ርዳታው ይቆማል፤ ደብልዩ እዚህም እንደወደቀ ይቆጠራል። ሃይስኩል የወጣ ልጅ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ በአብዛኛው የወላጆቹ የታክስ ወረቀት ያስፈልጋል፤ አባት ታክሲ ወይም ኡበር የሚሠራ ከሆነ የታክስ ሪፖርቱ ቀድሞ ተሟልቶ ይገባ።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

ከቤተሰብ ጋር የሚኖር፣ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያለ ልጅ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፤ ሌላ ማማረጥ አያስፈልገውም። ልጆች ያሏት፣ ኪራይ የምትከፍል እናት፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ኤል ፒ ኤን፣ ግን ገና ከመጀመሪያው ዓመት በየሴሚስተሩ አንድ የኮሌጅ ሳይንስ እየያዘች። ዲግሪ ያለው፣ 3.0 የሞላለትና የትዳር ጓደኛው ወጪውን የሚሸፍንለት፦ የተፋጠነው። ዲግሪ ኖሮት ብቻውን የሚኖር፦ ፔል ባይኖርም ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ በዋጋ ያሸንፋል። የግሉን ትምህርት ቤት የምናስቀምጠው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ላልተሳካለት ሰው ነው፤ እሱም ትምህርት ቤቱ አራቱንም ጥያቄ ካለፈ ብቻ።

ካልተቀበሏችሁ ደብዳቤውን ይዛችሁ ቤት አትግቡ። የነርሲንግ ክፍሉን አማካሪ ነጥባችሁ የት እንደጎደለ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ነው፤ የቲስ ንባብ ወይም አንድ ሳይንስ ከቢ ወደ ኤ ማሻሻል ይሞላዋል።

ከተቀበሏችሁ ደግሞ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ የጤና ወረቀቱን ከአሁኑ ጀምሩት። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት መርፌ ሆኖ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ኩፍኝና ጉድፍ በክትባት ካርድ ወይም በደም ምርመራ ይረጋገጣል፤ የአገር ቤት ካርድ የሌለው የደሙን ምርመራ ያድርግ። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ክንድ ላይ የሚወጋውን አትቀበሉ፤ በሕፃንነት ቢ ሲ ጂ የተከተበ ሰው ሳይታመም ክንዱ ሊያብጥበትና ወደ ራጅ ሊላክ ይችላል። ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ቢ ሲ ጂ አይነካውም። የሽንት ምርመራም አለ፤ ማሪዋና ግዛቱ ውስጥ ሕጋዊ ቢሆንም ሽንት ውስጥ ከተገኘ ሆስፒታሉ ለልምምድ አይቀበልም፤ ልምምድ የሌለው ተማሪ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ መቆየት አይችልም።